በገዛ በርሜላችን

በ1951 ዓ.ም. ወይና ደጋውን ሳይቀር ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሕዝብ እንደ ጨረሰ ይገመታል። እኛም የዚያን ዘመን ወሬ ከሽማግሌዎች እየሰማን ስላደግን፣ የወባ መኖሪያ ረግረግና የወንዝ ዳር ብቻ ይመስለን ነበር። ስለዚህ ለመንግሥት ሥራ ወደ ድሬዳዋ በተዛወርን ጊዜ ከከተማው መካከል ቤት ተከራይተን ያለ አጎበር ተኛን።

በ2014 ዓ.ም. ግን ልጃችን በብርድ ይንቀጠቀጥ፣ በትኩሳትም ይቃጠል ጀመር። ደሙ ተመርምሮ ወባ ነው በተባልን ጊዜ፣ «ረግረግ በሌለበት ሰፈር ይህ ከወዴት መጣ?» ብለን ተደነቅን። መልሱን ያገኘነው ከጓሯችን ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ እንዲያገለግለን ሞልተን ያለ ክዳን በተውነው በርሜል ውስጥ እጮች ይርመሰመሱ ነበር። ቤታችንን ሊመለከቱ የመጡት የጤና ባለሙያ፣ የሌላ ትንኝ እጭ ራሱን ወደ ታች አዘቅዝቆ ሲንጠለጠል የወባዋ ግን በውሃው ገጽ ላይ እንደሚጋደም አሳዩን። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው፣ ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲም እንዲህ ባለው የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች።

ልጃችን በመድኃኒት ዳነ። በርሜሉንም እየከደንን፣ በየሳምንቱም አሟጠን እናጥበዋለን፤ እንቁላሉ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ያህል ይፈጅበታልና። ከሩቅ የጠበቅነውን ጠላት በገዛ ውሃችን ስንቀልበው መኖራችንን ዛሬ በጽሑፍ የምንናዘዘውም፣ አንባቢያችን በርሜሉን ሳይውል ሳያድር እንዲከድን ብለን ነው።