ማን ልበል?

የሞባይል ልጆች፣ ልንገራችሁና ሳቁብን! እኛ ሥራ ስንጀምር የቢሮ ስልክ ማለት ጥቁር፣ ከባድ፣ አንድ እጀታና አንድ ክብ መደወያ ብቻ ያለው ዕቃ ነበር። የቁጥሩን ቀዳዳ በጣት እስከ ዳር ስቦ መልቀቅ ነው፤ ጥርርርር እያለ ይመለሳል። ሲመለስ መስመሩን ቆረጥ ቆረጥ ያደርገዋል፤ ማዞሪያ ጣቢያው ያንን ቆጥሮ ያገናኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ቁጥር ካዞሩ አበቃ። ሰባት የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው።

አንዳንድ አለቃ የስልክ ሒሳብ ሲበዛበት መደወያው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽዬ ቁልፍ ይሸጉጥ ነበር። አቤት ያ ቁልፍ! ጎረምሶቹ ምን ገዷቸው! እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በጣት ቶክ ቶክ ቶክ እያደረጉ ይደውላሉ። ጣቢያው የሚቆጥረው መቆራረጡን ነው፤ በክቡ ተቆረጠ በጣት ለእሱ ያው ነዋ! አለቃው መክፈቻውን ኪሱ ከትቶ ምሳ ሲወጣ የቢሮው እኩሌታ ፍቅረኛው ዘንድ ይደውላል።

የውስጥ መስመር ሁሉ የሚያልፈው ደግሞ በስልከኛዋ በእትዬ እጅ ነበር። ስማቸውን ማን ጠርቶት! ምድር ቤት፣ የቢሮው ማዞሪያ ፊት፣ ማዳመጫቸውን አጥልቀው፣ «ሀሎ፣ ማን ልበል?» ይላሉ። ሚኒስትርም ቢደውል ማን ልበል ነው።

ከዚያ በክቡ ፋንታ ቁጥሩን ተጭነው የሚደውሉበት ባለቁልፍ ስልክ መጣ። ኮከቧና መሰላሏ (* እና #) ዳር ዳር ላይ ሥራ ፈትተው ስንት ዘመን ተቀመጡ! ዛሬ የሞባይል ቀሪ ሒሳብ ለማየት እነሱን መጫን ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስክሪን አለው፣ የቁልፉ ብዛት ዓይን ያጭበረብራል። መመሪያውን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ግን ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ፤ ይሄ ሁሉ እኮ እትዬ ናቸው! ሆልድ የሚባለው «መስመር ላይ ይቆዩልኝ» ማለታቸው ነው፤ አሁን ሙዚቃ ተጨመረበት። የደዋዩን ቁጥር የሚያሳየው ኮለር አይዲ? እሳቸው ገና በትንፋሹ ያውቁት ነበር። «አትረብሹኝ» የሚለው ቁልፍ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው፤ ሰውየው ማኪያቶ እየጠጡ። መልእክት የሚቀበለው ቮይስ ሜይል ደብተራቸው ነው። ኮንፈረንስ፣ ማለትም ሦስት ሰው በአንድ መስመር፣ ያኔም ነበር፤ ሦስተኛዋ ሳይጠሯቸው የሚያዳምጡት እትዬ ናቸው።

ሚውት ግን ለየት ይላል። ሆልድ ሲሆን ሁለቱም ወገን አይሰማም፤ ሚውት ሲሆን እናንተ ትሰማላችሁ፣ እሱ አይሰማችሁም። የኛ ሚውት መዳፋችን ነበር። መናገሪያውን እፍን አድርጎ «የለም በለው» ማለት፤ ደዋዩም ወዲያ ሆኖ «የለም በለው» ሲባል ጥርት አድርጎ ይሰማል!

አዲሱን በአንድ ነገር አማዋለሁ። ድምፁ የሚሄደው በኮምፒውተሩ ኔትወርክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ስልኩም አብረው ድርግም። ጥቁሩ ጉልበቱን የሚያገኘው ከጣቢያው በዚያው በስልክ ሽቦ ስለነበር፣ 48 ቮልት ገደማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ እሱ ይጮሃል።

የቀረው ትራንስፈር፣ ማለትም ደዋዩን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ፣ ነው፤ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ቁልፉን ተጭኖ፣ የውስጥ ቁጥሩን መትቶ፣ ዘግቶ መገላገል። ሁለተኛው ተቀባዩ እስኪያነሳ ጠብቆ፣ ማን ለምን እንደፈለገው ነግሮ፣ ከዚያ ቁልፉን ደግሞ መጫን። እትዬ የመጀመሪያውን አያውቁትም ነበር። ዛሬ ባለጉዳይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲወረወር፣ ጉዳዩን አምስት ጊዜ ከ«እንደምን ዋላችሁ» ሲጀምር የሚውለው በዚሁ በመጀመሪያው ነው። እባካችሁ የቢሮ ሰዎች፣ ሁለተኛውን ልመዱ።