ባሕር ዳር፤ የመጨረሻዋ ቀን



ባሕር ዳር የአማራ ክልል ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚነግረን ውኃ ዳር ናት። ውኃው የጣና ሐይቅ ነው። ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። ዓባይም ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከከተማዋ አጠገብ ነው።

ወደዚያ የሄድነው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነበር። ከተጋባን ገና ሦስት ሳምንታችን ነው። አምስት ቀን ቆየን። በአራቱ ቀን እግራችን አላረፈም። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየን። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ተመለከትን። ያን ጊዜ ገና ይሠራ የነበረውን አዲሱን የዓባይ ድልድይም አየን። ድልድዩ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተከፍቷል።

አምስተኛው ቀን የመጨረሻው ነበር። በማግሥቱ አንዳችን ወደ ትምህርት፣ አንዳችን ወደ ሥራ እንሄዳለን። እስከ ክረምት አንገናኝም። ያላየነው ቦታ እንዳይቀር ብለን በጠዋት ወጣን።

ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ታንኳ ይሠራሉ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውኃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ ከዚያ እየታሰረ ታንኳ ይሆናል። አጠገባቸው ሌላ ታንኳ ግንድ ተደግፎ ቆሟል።

«አባባ፣ ይኼኛው ተበላሽቶ ነው?» አልናቸው።

«ኧረ ደኅና ነው! ደንገል ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይከብዳል። እንዲህ ቆሞ ፀሐይ ካልሞቀ ነገ ሰው አይሸከምም። ማረፉም ሥራው ነው» አሉን። ቀጥለውም «እናንተስ ልጆቼ፣ ወዴት ነው ሩጫው? ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልራቅንም። ለምሳ የተጠበሰ ቀረሶ ገዛን። እሾሁን እየለቀምን ተጎራረስን። ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና ጠጣን።

እዚያው ቁጭ እንዳልን፣ አራት ቀን ሙሉ ያላነሣነውን ነገር አነሣን። እስከ ክረምት እንዴት እንዘልቃለን? የቤት ኪራዩስ? ትንሽ ተከራከርን። ከሁለት አንዳችን አኮረፍን፤ የትኛችን እንደሆንን አንናገርም። በመጨረሻ ተስማማን። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። ወጪያችንን ሁለታችንም በደብተር እንጽፋለን። ስንገናኝ አብረን እናየዋለን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌው መረባቸውን አነሡ። የደረቀውን ታንኳ ወደ ውኃው ገፉት። ቀለል ብሎ ተንሳፈፈ። ተሳፍረው እጃቸውን አውለበለቡልን፤ እኛም አውለበለብን።

ደብተሩ እስከ ክረምት ተጻፈ። አንዳንድ እሑድ ስልኩ እምቢ ቢልም፣ ኪራዩ አንድም ወር አልተጓደለም።

እናንተም ሰው አገር ስትሄዱ ብዙ ቦታ እዩ፤ መልካም ነው። ግን አንዲቷን ቀን ለመቀመጥ አስቀሩ።