አራት ኢንች

ሶማሌ ተራ ስትገቡ ሳታውቁት ጣልያንኛ ትናገራላችሁ። ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ዳዶ፣ ጎማ። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውሩት የቀረልን ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ቃል አልተዉልንም። ዩቲዩብ ላይ ያሉት አውስትራሊያውያን «ሊፍት ኪት» የሚሉት ነገር እዚህ ስም የለውም። በቃ «ከፍ አድርጋት» ነው የሚባለው። ስንት ከፍ? በምን? እሱ ድርድሩ ላይ ይታወቃል።

ከፍ እንድትል የተፈለገችው የአጎቴ ሂሉክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራች፣ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ላይ የቆመች። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። አጎቴ ከመርካቶ ሸቀጥ ጭነው መሐል ሜዳ ይወስዳሉ፣ ከዚያ ደግሞ አስፋልት ወዳላያቸው የገጠር ገበያዎች ይገባሉ። የሦስት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚህች መኪና ነው። ክረምት ላይ ዋልካው ሲርስ ትላልቆቹ የጭነት መኪኖች ጥልቅ የጎማ ቦይ ያበጁበታል። ሂሉክሷ ተከትላ ስትገባ መሐል ባለው ጉብታ ላይ በሆዷ ትቀመጣለች። ከዚያ አካፋ፣ ድንጋይ፣ የመንደሩ ጎረምሶች፣ ግማሽ ቀን።

ለምን ሌላ አይገዙም የሚል ካለ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አሮጌ ሂሉክስ ያለው ሰው ያለችውን አጥብቆ ይይዛል። እኔ ለዚህ ሥራ ያዋጣሁት የሁለት ወር ደመወዜን ነው፤ ከአውስትራሊያ ሙሉ ኪት ለማስመጣት ይሄ ገንዘብ ለጉምሩኩም የሚደርስ አልነበረም።

«አራት ኢንች» አሉ አጎቴ። ቁጥሩን የነገራቸው አንድ መካኒክ ነው፤ እሱም ቲክቶክ ላይ ያየው ይመስለኛል።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፣ ዲግሪዬ ግን ምህንድስና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት የስልኬን መብራት ይዤ ከሥሯ መግባት ነው። የተፋቀው የት ነው? ዲፈረንሻሉ። ሆዱ እንደ መስታወት ያበራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ባሌስትራ ሲነሣ አብሮት የሚነሣው ሻንሲውና አካሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉን ደግሞ የተሸከመው ጎማው ነው። አራት ኢንች አይደለም አርባ ኢንች ብታነሷት፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት በአንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። እሱን የሚያነሣው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። 205 አር 16 አውልቃችሁ 7.00 አር 16 ስታስገቡ ዲያሜትሩ በሦስት ሴንቲ ሜትር ከምናምን ያድጋል፤ ዲፈረንሻሉ የሚደርሰው የዚያ ግማሽ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ጉብታው ላይ የሚቆጠረው እሱ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው ከዚያ ወዲህ ከእውነተኛው አሳንሶ ማንበቡን ግን አትርሱ።

ከአክስሉ እስከ ሻንሲው በሜትር ስለካ ደግሞ በሾፌሩ በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ አገኘኋት። ባሌስትራው ደክሞ ለጥ ብሏል። ከአራቱ ኢንች አንዱ ያህል ድሮ የነበራት፣ በዕድሜ የጠፋባት ነው።

ሻጩ ጋ ስንሄድ ያቀረበልን ሌላ ነው፤ ከአይሱዙ የወረደ አንድ የባሌስትራ ቅጠል። በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ ይቺ አትሰበርም» አለኝ። እውነቱን ነው። የብረት ቅጠል ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ ሰባት ሚሊ ሜትር ከሆኑት መካከል አሥር ሚሊ ሜትር የሆነ ስትጨምሩ፣ ያቺ አንዷ ብቻዋን የሦስቱን ያህል ትገትራለች። መኪናዋ በርግጥ ከፍ ትላለች። ባዶዋን ስትሄድ ግን ድንጋይ በነካች ቁጥር ትዘላለች፣ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይጎትትም፣ ፍሬንም አይዝም። ሌላ መንገድም አለ፤ አሮጌውን በእሳት አግሎ እንደገና ማጉበጥ። በትክክል ተመልሶ ካልጠነከረ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ለጥ ይላል። ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ቶርኖ ቤት ማስረዘም ከሁሉም ይረክሳል፤ አሥር ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ አምስት ታገኛላችሁ፣ የፊቱን ከነካችሁ ግን መሪውን ወደ ቀጥታው የሚመልሰው ማዕዘን አብሮ ይቀየራል።

እኔን ያስፈራኝ ግን ማንም ያላነሣው ነገር ነው። ከኋላ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በዘንግ የሚያገናኝ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲኖር አካሉ ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ስትሆን አካሉ ከፍ ስለሚል፣ ጎማው እንዳይቆለፍ ይቀንሳል። ቫልቩ የሚያነበው ክብደት ሳይሆን ከፍታ ነው ማለት ነው። መኪናዋን በአሥር ሴንቲ ሜትር አንሡና ዘንጉን እንዳለ ተዉት፤ አሥር ኩንታል ጭናም ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ፕሮግራመሮች ይህን ዓይነት ነገር እናውቀዋለን። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ የተሳሳተ መልሱን በሙሉ ልብ መስጠቱን ይቀጥላል። ቁልቁለት ላይ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ የአይሱዙውን ለምን ፈለጉት?» ስላቸው፣ «ሁለት ኩንታል ልጨምርበት ነዋ!» አሉ።

ለካ ነገሩ የጉብታው ብቻ አልነበረም። ባሌስትራው ቢጠነክር ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ሻንሲው አብረው አይጠነክሩም። ጆንያ ላይ ጆንያ ሲደረብ፣ ከላዩ ሰው ሲቀመጥ የመኪናዋ ሚዛን ወደ ላይ ይሸሻል። ወረቀት ላይ አሰላሁላቸው፤ በግምት ባስቀመጥኩት የተጫነች ሂሉክስ ሚዛን፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ሲጨመር የምትገለበጥበት ማዕዘን በሦስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ወረቀቱን አዩት። «ኢንጂነር፣ ሦስት ዲግሪ ስንት ብር ነው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሁለት ኩንታል ስንት ብር እንደሆነ ግን እሳቸው ያውቃሉ።

ሁለት ቅዳሜ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን። ከሌላ ሂሉክስ የወረደ፣ ጉብጠቱ ያልሞተ ኦርጅናል የኋላ ባሌስትራ ገዛን። ስንጥቅ እንዳለው አንድ በአንድ አገላብጠን አየን፣ ብየዳ የነካውን ሁለቱን መለስን። የላስቲክ ቡሾቹን አዲስ አደረግን። አሞርዛተሮቹን ከአዲሱ ቁመቷ ጋር ለክተን ነው የመረጥነው፤ አጭር ከሆነ ጎማው ሲወርድ አክስሉን አንጠልጥሎ የሚይዘው እሱ ይሆናል፣ ብዙም አይቆይ። 7.00 ጎማ አስገባን። የፍሬን ላስቲኮቹ ጎማው እስከ መጨረሻ ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ ክሪክ ላይ ሰቅለን አረጋገጥን፣ የቫልቩን ዘንግ አስተካከልን፣ የፊት መብራቱን ዝቅ አደረግን። በአጠቃላይ አካሉ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በታች ነው ከፍ ያለው። አራት ኢንች አይደለም፣ ፎቶም ላይ አይታይም።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች አዲስ ሲታሰሩ ይላላሉ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። አጎቴ መሐል ሜዳ ደርሰው ሲደውሉ ቀድመውኝ «አጥብቄያለሁ» አሉኝ። ጉብታውን አልፋ ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱን አልፋለች፣ ሁለተኛው ላይ ተቀምጣለች፣ ግን በሁለት ሰው ግፊያ ወጥታለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ ያ የአይሱዙ ቅጠል ተሸጦ እንደሆነ ቅዳሜ ሳልፍ እንዳይላቸው ነገሩኝ።