የዓሣው ገንዳና ደሞዜ

ቤይሩት ስመጣ ላበስል፣ ቤት ላጸዳና ልጅ ልይዝ ነበር። ኮንትራቴ ላይ ስለ ዓሣ ገንዳ የሚል ነገር የለም። ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የኛ ሥራ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ አለ። ውስጡ ዓሦችና ኮራል የሚሉት ነገር አለ። መጀመሪያ ኮራሉ የሚያምር ድንጋይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው። ሲደላው ጣት የሚመስል ሥጋውን ዘርግቶ ይወዛወዛል፣ ሲከፋው ደግሞ ጭምትር ይላል።

አምና ሚስተር አዲስ ፓምፕ ገዝቶ ገጠመ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትልቁ ኮራል ተሸበሸበ። በአንድ በኩል ሥጋው ተልጦ ነጭ አጥንቱ ታየ። ማዳም ጠራችኝና «መስተዋቱን ስትጠርጊ የጽዳት መድኃኒት ጨምረሽበታል። ከሞተ ዋጋውን ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ» አለችኝ። ዋጋው 150 ዶላር፣ ደሞዜ 200። የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ ገንዳውን በንጹህ ውሃና በጨርቅ ብቻ ነው የምጠርገው። ማን ይመነኝ?

ያን ሌሊት አልቅሼ አደርኩ። ጠዋት ለዓሦቹ ምግብ ስበትን ፍርፋሪው ወዴት እንደሚሄድ ዝም ብዬ አየሁ። ከፓምፑ ፊት ያለው ተስፈንጥሮ ሄዶ ቀጥ ብሎ ኮራሉን ይመታል፣ ልክ በተላጠው በኩል። ከድንጋዩ ጀርባ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ንቅንቅ አይልም። እዚያ ቆሻሻ ተከማችቷል፣ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገርም ይዞታል።

እኔ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ውሃው በሚጋልብበት መሃል ሣር አይቆምም፣ በረጋበት ደግሞ ይሸታል። የፓምፑን ካርቶን ፈልጌ አነበብኩት፤ በሰዓት 6000 ሊትር ይላል። ውሃው በሰዓት 20 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከአሥረኛ ክፍል ባቋርጥም ማካፈል አልረሳሁም። ያ ለኮራል የበዛ አይደለም፣ ጥፋቱ አቅጣጫው ነበር።

እናቴ ስትሸኘኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ብል ደሞዜ ሊሄድ ነው። ማታ ሚስተርን ጠርቼ ምግቡን ፊቱ በተንኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየና ዝም አለ። ሶኬቱን ነቅሎ ፓምፑን ወደ ማዶው መስተዋት፣ ትንሽም ቀና አድርጎ አዞረው። ውሃው መስተዋቱን መትቶ እየተበተነ ተመለሰ፣ ጥጉም ተንቀሳቀሰ። ላይ ላዩም መናወጥ ጀመረ፤ ለዓሦቹ አየር የሚገባው እንደዚያ ነው።

በአሥረኛው ቀን ኮራሉ ተዘረጋ። የተላጠው በኩል ግን እንደተላጠ ቀረ። ማዳም ይቅርታ አላለችኝም። ወሩ ሲያልቅ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፣ 200 ሙሉ ነበር።

እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ገንዳ ያለበት ቤት ከገባችሁ መስተዋቱ ላይ የሚረጭ መድኃኒት አትጠቀሙ፣ ሳሙና በነካ እጅም ውሃውን አትንኩ። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን አስነቅሉ፤ የጨው ውሃና መብራት ሰው ይገድላል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ቶሎ ለባለቤቶቹ ንገሩ፣ ዓሦቹ አየር ያጥራቸዋል። ደግሞ በየሳምንቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እኔ አሁን አነሳለሁ። ነገ ጥያቄ ሲመጣ ቀኑ ያለበት ፎቶ ይመልስልኛል።