ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ስለ ልጆቻችን ጥርስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣ በሪያድ ከተማ በየሰው ቤት በላባችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ካህን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት እንጂ ስለ ጥርስ ሲጽፍ አልለመዳችሁምና ትደነቁ ይሆናል። እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከእናንተው የሰማሁት ነው።

አንዲት የመንፈስ ልጄ ለጥምቀት እንኳን አደረስዎ ልትለኝ ከሪያድ ደወለች። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፣ የማዳሜን ሦስት ልጆች ጥርስ ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ። በየስድስት ወሩም ከማዳም ጋር ወደ ሐኪም እወስዳቸዋለሁ፤ ሐኪሟ ጥርሳቸውን ቀለም የመሰለ ነገር ትቀባቸዋለች። አገር ቤት ያለው የእኔ ልጅ ግን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጥርሱን እያመመው ሲያለቅስ ያድራል ብላ እናቴ ነገረችኝ። ልጄን ትቼ በመምጣቴ የመጣ ቅጣት ይሆን?» ለሌሎች እናቶች እንዲጠቅም ብጽፈው ፈቅዳልኛለች።

በጥንት እስራኤል ዘንድ ወላጆች ስለሚበሉት ጎምዛዛ ወይንና በዚያ ምክንያት ስለሚጠርሰው የልጆች ጥርስ የሚነገር ተረት ነበረ። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ በሕዝቅኤል አድሮ ይህን ተረት መናገር እንዲቀር አዘዘ፤ ነገሩ በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ስለዚህ የልጅሽ ሕመም የስደትሽ ቅጣት አይደለም አልኋት። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ መከላከያውም አለ። አንቺ በሰው ቤት በየቀኑ ስትሠሪው የኖርሽው ሥራ ነው መከላከያው።

ምክንያቱን ሐኪሞች እንዲህ ያስረዳሉ። በአፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ከጥርስ ሽፋን ላይ ማዕድኑን እያጠበ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚታየው በድድ ጠርዝ በኩል ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ጥርሱ ተመልሶ ሊጠነክር ይችላል። ከተቦረቦረ በኋላ ግን ራሱን አይሞላም። አባቶቻችን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት ለዚህም ይሠራል።

እኛ በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለን ምግባችን ቁራሽ እንጀራና ቆሎ ነበር፤ ስኳር የምናየው ከስንት አንድ ቀን ነው። ጥርሳችንንም በወይራ መፋቂያ እንፍቅ ነበር። ዛሬ ከረሜላና ለስላሳ በየገጠሩ ሱቅ ደርሷል። አያትም የልጅ ልጇ እናቱን ፈልጎ ሲያለቅስ፣ ከተላከው ገንዘብ ላይ ብስኩትና ከረሜላ ገዝታ ታባብለዋለች። ይህን የምታደርገው ከፍቅር ነውና አትቆጧት፤ ነገሩን አስረዷት። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጁ ስኳር የገባበት ወተት ወይም ጁስ በጡጦ እየጠባ ሲተኛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ በስኳር ተነክሮ ያድራል። የምትልኩት ኒዶ መልካም ነው፤ ስኳር ግን አይጨመርበት።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» የሚለው አባባልም ብዙ ልጆችን ጎድቷል። የወተት ጥርስ ለሚተካው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል። ደግሞም ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ያ መንጋጋ ግን ምትክ የለውም፤ ዕድሜውን ሁሉ የሚያኝክበት ነው።

መከላከያዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ኮልጌት በምንለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ነው፤ የማታው በተለይ አይቅር። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። ልጁ ይትፋው እንጂ አይዋጠው። ሰባትና ስምንት ዓመት እስኪሆነውም ትልቅ ሰው ያግዘው።

ሁለተኛው ያቺ እኅታችን ያየችው ቅባት ነው፤ የፍሎራይድ ቫርኒሽ ይባላል። ሐኪሙ በብሩሽ ጥርሱን ይቀባዋል፤ አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥርሱ ቶሎ ለሚበላሽበት ልጅ ከዚያም በላይ ይደገማል።

ሦስተኛው ሲላንት የሚባለው ነው። የመንጋጋው ማኘኪያ ስንጥቅ ስላለው ብሩሽ አይደርስበትም፤ ሐኪሙ ስንጥቁን በስስ ሽፋን ይደፍነዋል። መርፌም መሰርሰሪያም የለውም። ጊዜው የስድስት ዓመቱ መንጋጋ እንደ ወጣ፣ ቀጥሎም የአሥራ ሁለት ዓመቱ ሲወጣ ነው።

ነገር ግን ፍሎራይድ ሲበዛ ይጎዳል። ስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረበትን ወንጂን ተመልከቱ። በዚያ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ አጥንታቸው የተጎዳም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ቤተሰባችሁ በዚያ አካባቢ ከሆነ የሚጠጡትን ውኃ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ፍቆ ጥርሱን ማስወጣትም በፍጹም ይቅር። ደም ይፈስሳል፣ መርዝ ይገባል፣ ገና ያልበቀለውም ጥርስ ይበላሻል። ሕፃን በዚህ ምክንያት ቢሞት የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ይቀጣል። ስለ ጸበል የምትጠይቁኝም አላችሁ። ጸበሉን ይጠመቅ፤ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብሩ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ አስተምሮናል።

እንግዲህ ከሪያድ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በኢሞ ስትደውሉ ልጁን አፉን አስከፍታችሁ እዩት፤ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ካለ ሳያመው ይታይ። ፊቱ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ከምትልኩት ላይ ለብሩሽ፣ ለሳሙናና ለሐኪም ብላችሁ ለይታችሁ ላኩ። ወደ አገር ስትገቡ ከቸኮላቱ ካርቶን ቀንሳችሁ ብሩሽ ጨምሩ። የማታ ጸሎት ሲያደርስ አብሮ እንዲቦርሽ ለአያቱ አደራ በሉ፤ ሁለቱ አብረው ከተለመዱ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል።

በሰው አገር የሰው ልጅ የምትጠብቁትን እናንተን፣ በአገር ያሉትንም ልጆቻችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።