ጋደም ብሎ ሴቻን መውጣት

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ብስክሌት ላወጋችሁ ነው። «ደግሞ ስለ ብስክሌት ምን ይወራል? ሁለት ጎማ፣ አንድ ካቴና፣ አለቀ» የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ የምለው ካቴናው የትኛው ጥርስ ላይ እንደሚያርፍ አንድን ሰው ከጉዳዩ ሊያደርሰውም ሊያስቀረውም ይችላል ነው። ማስረጃዬም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አርባ ምንጭ ነው።

ታችና ላይ

አርባ ምንጭ ያደገ ልጅ ከተማዋ ሁለት መሆኗን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሲቀላ ታች ነው፣ ሴቻ ላይ። ገበያው ሲቀላ ይደምቃል፤ ብዙዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሴቻ ናቸው። በሁለቱ መካከል 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ችግሩ ርዝመቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው። ከሴቻ አፋፍ ቁልቁል ሲያዩ ጫሞና አባያ፣ በመሃላቸውም የእግዜር ድልድይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እንግዳ ሰው ይህንን ሲያይ ካሜራውን ያወጣል። ሳይክል የያዘ ሰው ግን መጀመሪያ ላቡን ነው የሚጠርገው።

ሲቀላ ሜዳው ላይ ሳይክል ሁሉን ያደርጋል። ሙዝ ይጫንበታል፣ የጫሞ አሳ ይጫንበታል፣ ታናሽ እህት ከኋላ ትቀመጥበታለች። ወደ ሴቻ ሲዞር ግን አብዛኛው ሰው ዳገቱ ሲበረታ ወርዶ ይገፋል። ለእኛ ለእግረኞቹ ወርዶ መግፋት ራሱን የቻለ ማርሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁሌም አብሮን ስላለ ግን አስበነው አናውቅም። ታዲያ ወርዶ መግፋት የማይችል ሰውስ?

«ሴቻ ስሄድ ዕቃ ነኝ»

በሰፈራችን አንድ ጎልማሳ አሉ። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እያልኩ ልቀጥል። በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው ሁለቱም እግሮቻቸው አይታዘዙላቸውም። ሲቀላ መንገድ ዳር የሞባይል ካርድ፣ ሶፍትና ማስቲካ እየሸጡ ሁለት ልጆች ያስተምራሉ። የሚንቀሳቀሱት በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ ጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ፔዳሉ ከእግር ሥር ሳይሆን ደረት ፊት ለፊት የሆነ፣ ከዚያ በካቴና ወደ ፊተኛው ጎማ የሚወርድ።

አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ካርድ ገዝቼ ቆሜ ሳወራቸው ስለ ሴቻ ተነሳ። ለአንድ ጉዳይ በየወሩ ወደ ላይ መውጣት ነበረባቸው። ባጃጁ እሳቸውን ይወስዳል፣ ሳይክሉን ግን አይጭንም። ስለዚህ ሳይክሉን ጎረቤት አስቀምጠው ይሄዳሉ። ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ አቅፎ በር ላይ ያስቀምጣቸዋል። «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው» ከተባለ እዚያው በተቀመጡበት ነው፤ ወደ ጥላ መጠጋት፣ ሻይ መጠጣት፣ ውሃ ሽንት መሄድ ሁሉ በሰው ልመና ነው።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ሲቀላ ላይ እኔ ሰው ነኝ። ገበያ እሄዳለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ያናደደኝንም ሰው ጥዬው እሄዳለሁ። ሴቻ ስሄድ ግን ዕቃ ነኝ። ካስቀመጡኝ ቦታ ነው የምገኘው።»

እውነቱን ለመናገር ያን ማታ ጥናት አልገባልኝም። የጋሼ ችግር በእኛ ቋንቋ ሲተረጎም ምንድን ነው? የማርሽ ችግር ነው።

የዓለሙስ ልምድ?

ብስክሌት ሲባል እኛ ሀገር ቶሎ ትዝ የሚለን ውድድር ነው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለቱም የጋለቡት ጎንበስ ተብሎ የሚነዳውን፣ ሁላችንም የምናውቀውን ዓይነት ነው።

ነገር ግን ሌላም ዘር አለ። ነጂው ወንበር ላይ ጋደም ብሎ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ የሚነዳው ብስክሌት። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ ይህን ዓይነት ብስክሌት ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ፣ በዘመኑ ከአንደኛ ደረጃ ጋላቢዎች የማይቆጠር ሰው፣ በዚሁ ብስክሌት ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። ኦስካር ኤግ እ.ኤ.አ. በ1914 ያስመዘገበውና ለ19 ዓመታት የቆየው የ44.247 ኪሎ ሜትር ሪከርድ ተሰበረ ማለት ነው። ከዚያ ምን ሆነ? ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1934 «ይኼ ብስክሌት አይደለም» በሚል መንፈስ ደንብ አወጣና ከውድድር አስወጣው። ጋደም የሚባልበት ብስክሌት ከውድድር የወጣው በመንገድ ላይ ተሸንፎ ሳይሆን በወረቀት ነው። ዘሩ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳዊው ቶድ ራይከርት ሽፋን በለበሰ እንዲህ ያለ ብስክሌት፣ ያለ ምንም ሞተር፣ በሰዓት ከ144 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ሄዷል።

ምስጢሩ ንፋስ ነው። ሰውነት ዝቅ ሲልና ሲጋደም ንፋሱን የሚገጥመው ገላ ይቀንሳል። ጀርባም ይደገፋል። ጉድለቱ ደግሞ ዳገት ላይ ይታያል፤ ተራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት ላይ ብድግ ብሎ በክብደቱ ፔዳሉን ይጫናል፣ የተጋደመ ሰው ግን ብድግ ማለት አይችልም። ያለው የእጅና የእግሩ ጉልበት ብቻ ስለሆነ ማርሹ በጣም ቀላል መሆን አለበት።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አሰብኩ። የጋሼ ሳይክል እኮ ከዚሁ ዘር ነው! ወንበር አለው፣ መደገፊያ አለው፣ ነጂው ብድግ አይልም። ልዩነቱ የፈረንጁ ሰው የተጋደመው ንፋስ ለመሸሽ ሲሆን ጋሼ የተቀመጡት እግራቸው ስለማይታዘዝ ነው። ፈረንጁ ለዳገት የሚሆን ብዙ ማርሽ አለው፤ የጋሼ ሳይክል ግን አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ላይ ያለው ጥርስና ታች ያለው ጥርስ እኩል ነው፤ እጅ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል።

እስቲ እናስላው

መካኒካል ተማሪ ሆኖ ሳያሰላ የሚያወራ የለምና እናስላ። ሰውና ሳይክል ከነዕቃቸው 100 ኪሎ ይሁኑ። ዳገቱ በ100 ሜትር 6 ሜትር ይወጣል ብለን እንያዝ። ዳገቱ ወደ ኋላ የሚጎትተው 59 ኒውተን ያህል ነው፤ የጎማው ፍትጊያ 10 ይጨመር፣ 69 ኒውተን ሆነ። ያልሠለጠነ ሰው በእጁ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ኃይል 50 ዋት ነው ብንል፣ 50 ለ69 ሲካፈል በሰከንድ 0.72 ሜትር፣ በሰዓት 2.6 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከእግረኛ ያነሰ ፍጥነት ነው፤ ግን መሄድ ነው።

ጎማው 26 ኢንች ስለሆነ አንድ ዙር 2.07 ሜትር ይሄዳል። በጋሼ አንድ ለአንድ ማርሽ በዚህ ፍጥነት ለመሄድ እጅ በደቂቃ 21 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የእጀታው ክንድ 17 ሳንቲሜትር ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ወደ 13.6 ኪሎ መግፋት ያስፈልጋል። ይህን ለአንድ ሰዓት የሚችል ትከሻ ማን አለው? ማርሹን ወደ 0.43 ብናወርደው ግን እጅ በደቂቃ 49 ጊዜ ይዞርና ግፊቱ ወደ 5.8 ኪሎ ይወርዳል። ሥራው ያው ነው፤ ዳገቱም አልቀነሰም። የተቀየረው ሥራው ለሰው ጡንቻ የሚቀርብበት መንገድ ነው።

ብየዳ ቤት

ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ጀመርን። አንዱ ጓደኛችን «ሞተር ግጠሙለትና ተገላገሉ» ብሎ ነበር። ጋሼን ስንጠይቃቸው «የቤንዚኑን ማን ይከፍላል? ሲበላሽስ ማን ይሠራዋል? ካቴና ከሆነ ማንም ሳይክል ሠሪ ይገጥምልኛል» አሉ። ከዚህ የተሻለ የዲዛይን መስፈርት ክፍል ውስጥ አልሰማሁም።

ከአሮጌ የቻይና ማውንቴን ሳይክል የኋላ ጎማ፣ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያለው የማርሽ ስብስብና መቀየሪያውን አገኘን። እሱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትንሹ የፊት ጥርስ 24 ስለሆነ 24 ለ28 ሲካፈል 0.86 ነው። ስለዚህ በመሃል አንድ አጭር ዘንግ በሁለት ኩሽኔታ አስቀመጥን። ከእጅ ያለው 18 ጥርስ መሃል ያለውን 36 ጥርስ ይነዳል፤ እዚህ ላይ ግማሽ ሆነ። ከመሃል ደግሞ 24ቱ ወደ 28ቱ። ግማሽ ሲባዛ 0.86፣ ይኸው 0.43! ሜዳ ላይ ወደ 14ቱ ሲቀየር 0.86 ስለሚሆን ሲቀላም ላይ እንደ ድሮው ማለት ይቻላል፣ ይሄዳሉ።

የቀረው የብየዳ ሥራ ነው። የኋላ ጎማ ለፊት ሹካ ስለሚሰፋ ሹካውን በቱቦላሬ አሰፋነው። ወንበሩንም 8 ሳንቲሜትር ወደፊት አመጣነው፤ ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ የሚነዳው የፊት ጎማ ቀልሎ እንዳይንሸራተት ነው። ብየዳው ባለሙያ ሥዕላችንን አየና «ይኼ ወረቀት ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየውን አምጡልኝ» አለን። ጋሼ መጥተው ተቀመጡ፤ የክንዳቸውን ርዝመት በሽቦ ለክቶ የእጀታውን ከፍታ ከሥዕላችን 5 ሳንቲሜትር ዝቅ አደረገው። እኛ የለካነው ሳይክሉን ነበር፤ እሱ የለካው ሰውየውን።

ሙከራው

እሑድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ተነሳን። ሰባት ጊዜ አርፈን፣ ካቴናው አንድ ጊዜ ወልቆ፣ በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሴቻ ገባን። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ? የሚሄዱበትን መሥሪያ ቤት አላዩም። እሑድ ነው፣ ዝግ ነው። መንገዱን ተሻግረው አንድ ሻይ ቤት ሄዱ፣ ጠጡ፣ «እዚህ ፀሐይ ነው» ብለው ራሳቸው ወደ ጥላው ዞሩ። እኔም ሁለት ወር የደከምንበት ለዚህች ዙር እንደሆነ ገባኝ።

የቀረው

እንግዲህ «ተሳካ» ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ግን አልጨረስንም። በየዕረፍቱ ሳይክሉ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ስናደርግ የነበርነው እኛ ነን። ጋሼ ሁለቱም እጆቻቸው እጀታው ላይ ስለሆኑ ፍሬን ለመያዝ መዘወር ማቆም አለባቸው፤ ፍሬኑን ደግሞ ከለቀቁ ይንሸራተታሉ። የሚቆልፍ ፍሬን ያስፈልጋል። ቁልቁለቱም አለ፦ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢወርዱ ፍሬኑ ያለማቋረጥ ወደ 270 ዋት ሙቀት መዋጥ አለበት፤ አሁን ያለው ቸርኬ ላይ የሚያርፍ አንድ ጥንድ ጎማ ፍሬን ነው። ስለዚህ ያን ቀን ሲወርዱ ሳይክሉን ከኋላ በገመድ ይዘን ቀስ እያልን ነው የመለስናቸው።

ክቡራን መምህራን፣ በየዓመቱ ለመመረቂያ የምንሠራቸው ብዙ ሥዕሎች መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ይህ ፍሬን ግን የሚጠብቀው ሰው አለ፣ የሚለካ ችግር አለ፣ ዕቃውም ከሲቀላ ገበያ ይገኛል። ለሚቀጥለው ባች የፕሮጀክት ርዕስ ሆኖ ቢሰጥ ስሌቱንም ሥዕሉንም ለሚረከበን እናስረክባለን። እስከዚያው ጋሼ ሴቻ መውጣት ሲፈልጉ ይደውሉልናል፤ ድንጋዩን ይዘን ከኋላ እንሄዳለን።

ቸር ሰንብቱ።