ሁለት እህትማማች መርከቦች

ልጆቻቸው ውጭ አገር ለሚኖሩ እኩዮቼ አሁን አሁን «በመርከብ እናዝናናችሁ» የሚል ግብዣ ይመጣላቸዋል። እኔንም ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ ሁለት ጊዜ ወስዳኛለች፤ መጀመሪያ በ«ኦኤሲስ ኦፍ ዘ ሲስ»፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በ«አሉር ኦፍ ዘ ሲስ»። ሁለቱም ጊዜ ከፍሎሪዳ ተነሥተን ካሪቢያን ላይ ሰባት ሌሊት አደርን። ሰርቦ ከተመለስኩ ወዲህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለኝ በዝቷል።

መርከቦቹ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም የተሠሩት ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ ሲሆን አንዱ በ2009፣ ሌላው በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። ርዝመታቸው 360 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ቢቀጣጠል አይደርስባቸውም። እያንዳንዳቸው ከ5,000 በላይ መንገደኛና ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ይይዛሉ። የሰርቦ ገበያ እንዳለ ተነሥቶ ባሕር ላይ ወጣ በሉት። መሐላቸው ላይ ሰማይ የሚታይበት፣ እውነተኛ ዛፍ የበቀለበት መናፈሻ አለ።

የቡና አገር ሰው ነኝና አንድ ልዩነት ሳልጠቅስ አላልፍም። በባሕር ላይ የመጀመሪያው የስታርባክስ ቡና ቤት የተከፈተው አሉር ላይ ነው። እዚያ የወረቀት ኩባያ ይዤ ቆሜ ስጠጣ የልጅ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «አኮ፣ ፈንዲሻው የታለ?» አለኝ። እናቱ ቤት ቡና ስታፈላ ያየ ልጅ ነው።

ለእኔ ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነበር። መርከቦቹ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች መዋያ አላቸው፤ ጨዋታው እጅግ ስለሚጥማቸው በመጀመሪያው ጉዞ የልጅ ልጆቼን ብዙውን ጊዜ ያየኋቸው ተኝተው ነው። ለሁለተኛው ከመነሣታችን በፊት ልጄን «ቀን ሁሉም ወደፈለገበት ይሂድ፣ እራት ግን አንድ ላይ፣ ያለ ስልክ» አልኳት። ተስማማች። በአራተኛው ማታ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ሥራዬ ምን እንደነበረ ጠየቀኝ። በክረምት ጭቃ የክትባት ሣጥን በበቅሎ ጭነን ገጠር እንወጣ እንደነበር ነገርኩት። መጀመሪያ እናቱ ታስተረጉም ነበር፤ በመጨረሻው ማታ እሷን ሳይጠብቅ በአማርኛ «በቅሎዋ ስሟ ማን ነው?» አለኝ።

ለመሄድ ላሰባችሁ የነርስ ምክር ልጨምር። ትልቁ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ነውና የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን ከእጃችሁ አትለዩ። ከምግብ በፊት እጃችሁን በውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ መርከብ ላይ የሚዛመተውን የተቅማጥና ትውከት ቫይረስ የእጅ ጄል ብቻውን በደንብ አይገታውም። ክፍል ሲያዝላችሁ ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ይሁን፤ ማዕበሉ እዚያ ብዙ አያናውጥም። ጉልበት የሚያማችሁ ደግሞ ከሊፍቱ የራቀ ክፍል አትቀበሉ፤ ያ ሁሉ ርዝመት ለቁርስም በእግር የሚኬድ ነው።